ያንኑ ወንጌል ዘንድሮም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ከወጣቶቻችን የምሰማት ቃል አለች። «የዘንድሮውም ያው ነው እኮ! መጻጉዕ ሲደርስ መጻጉዕ፣ ኒቆዲሞስ ሲደርስ ኒቆዲሞስ።» የጾሙ እሑዶች በሚነበብባቸው ወንጌል የሚጠሩባቸው ስሞች ናቸው። ደሴም ሰምቻታለሁ፤ ኮምቦልቻም፣ ወልድያም። ልጆቹ ክፋት የለባቸውም። ይጾማሉ፤ ያስቀድሳሉ። ስልካቸው በየደቂቃው አዲስ ነገር ስለሚያሳያቸው ጆሯቸውም አዲስ ነገር ለምዷል። ቤተ ክርስቲያን ያንኑ ወንጌል በየዓመቱ ስታነብ ነገሩ ይደጋገምባቸዋል።

ለእነሱም ለራሳችንም የምለው አለኝ። እግዚአብሔር ሕዝቡን ያስተማረው በመደጋገም ነው። እኛም የምንድነው በዚሁ መንገድ ነው።

ጌታችን መከራውንና ትንሣኤውን ለደቀ መዛሙርቱ አስቀድሞ ነግሯቸዋል። በማርቆስ ወንጌል ይህ 3 ጊዜ ተጽፏል፤ በምዕራፍ 8፣ በምዕራፍ 9 እና በምዕራፍ 10። በየጊዜው የሆነውን ልብ በሉ። መጀመሪያ ሲነግራቸው ጴጥሮስ ወደ ዳር ወስዶ ሊገሥጸው ሞከረ። ሁለተኛ ሲነግራቸው ነገሩ አልገባቸውም፤ እንዳይጠይቁትም ፈሩ። በዚያው መንገድ ላይ «ከእኛ የሚበልጠው ማን ነው?» እያሉ ተከራከሩ። ሦስተኛ ሲነግራቸው ደግሞ ያዕቆብና ዮሐንስ ቀርበው በቀኝና በግራው መቀመጥን ለመኑት። እርሱ ስለ መስቀል ይነግራቸዋል፤ እነሱ ስለ ወንበር ያስባሉ።

አስተማሪው ራሱ ጌታ ነው። ተማሪዎቹ መረባቸውን ጥለው፣ ቤታቸውን ትተው የተከተሉት ሐዋርያት ናቸው። ከዚህ የተሻለ መምህርም ሆነ ከዚህ የተሻለ ተማሪ ከየት ይመጣል? እንዲያም ሆኖ አንድ ጊዜ መስማት አልበቃቸውም። ሦስቱም ጊዜ ያኔውኑ አልገባቸውም።

ታዲያ ያ ሁሉ ቃል በከንቱ ቀረ? አልቀረም። ሉቃስ ምዕራፍ 24ን እንይ። ሴቶቹ ሽቶ ይዘው በማለዳ ወደ መቃብር ሄዱ። ድንጋዩ ተንከባሎ አገኙት። የሚያንጸባርቅ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች በአጠገባቸው ቆሙ። እነዚህ የሰማይ መልእክተኞች ለሴቶቹ ምን ነገሯቸው? ተነሥቷል አሏቸው፤ ወዲያው ደግሞ ገና በገሊላ ሳለ የነገራቸውን እንዲያስቡ አሳሰቧቸው። ወንጌላዊው ቀጥሎ የጻፈው አጭር ነው፤ ቃሎቹን አሰቡ። በዚያች በዓለም ታላቅ በሆነች ማለዳ መላእክት ያደረጉት የቆየውን ትምህርት ማስታወስ ነው። ሴቶቹ በገሊላ ደጋግመው ባይሰሙ ኖሮ ምን ያስታውሱ ነበር?

ጌታም ስለ መንፈስ ቅዱስ ሲናገር የነገርኋችሁን ሁሉ ያሳስባችኋል ነው ያለው። መንፈስ ቅዱስ የሚያሳስበን የሰማነውን ነው። ስለዚህ ዛሬ ያልገባን ስብከት ባክኗል ብለን አንቸኩል። ቀኑ ሲደርስ የሚወጣ ስንቅ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል።

እስቲ ያንኑ መጻጉዕን እንውሰድ። ዮሐንስ ምዕራፍ 5። የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ። 38 ዓመት የታመመ ሰው፣ አምስት መመላለሻ ያላት መጠመቂያ፣ «ልትድን ትወዳለህን?» የሚለው ጥያቄ። ልጅ ሆነን ስንሰማው ደስ የሚለን አልጋውን ተሸክሞ መሄዱ ነው። ጎልመስ ስንል የሰንበቱ ክርክር ይስበናል።

በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ካለፈ በኋላ በመጣው ጾም ይኸው ወንጌል ተነበበ። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ነበሩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ሰባኪው ሕመምተኛው ለጌታ የመለሰው ቃል ላይ ሲደርስ ቀድመውት በለሆሳስ «ሰው የለኝም» አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። እንባቸው ወረደ። እኒህ እናት ያንን ወንጌል ስንት ዓመት እንደሰሙት እግዚአብሔር ይወቀው። ወንጌሉ ከአምናው አንድ ፊደል አልተጨመረበትም። የሰሙት ሰው ግን ሌላ ሆነዋል። በዚያ ዓመት ብዙ የወሎ ቤት ሰው የሌለው ሆኖ ነበር። «ሰው የለኝም» ያለውን ሰው ጌታ ራሱ መጥቶ እንደጠየቀው መስማት ያኔ የምግብና የመድኃኒት ያህል ነበር። ሰባኪው ለአዲስነት ብሎ ሌላ ርእስ ቢያነሣ ኖሮ ያቺን እናት ማን ያጽናናቸው ነበር?

የአምባሰል ገበሬ ይህን ያውቀዋል። አንድ ቀን የሚጥል ዶፍ ከተዳፋቱ ላይ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል። ቀን ከቀን የሚያካፋው ግን ይሰርጋል። ሙሴም በዘዳግም 32 ትምህርቱን በዝናብና በካፊያ መስሎ ተናግሯል። ያው ሙሴ በምዕራፍ 6 ቃሉን ስንቀመጥም፣ ስንሄድም፣ ስንተኛም፣ ስንነሣም ከልጆቻችን ጋር እንድንጫወተው አዝዟል።

«ጌታ በከንቱ አትድገሙ ብሎ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቃሉ ማቴዎስ 6 ላይ አለ። ግን ጌታ የነቀፈው በቃል ብዛት እንሰማለን ብለው የሚያስቡትን ነው። «በከንቱ» የምትለዋን አንዝለላት። ይኸው ጌታ በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ እንደጸለየ በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 26 ተጽፏል። መዝሙር 135 «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» የሚለውን 26 ጊዜ ይመልሳል። እኛም «እግዚኦ ተሳሃለነ» 41 ጊዜ ስንል ልባችን አብሮ ካለ ከንቱ አይደለም። ልብ ከሌለበት ግን አንድ ጊዜ የተባለውም ከንቱ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ስለ አንድ ነገር መልሶ መጻፍ እንደማይታክተው፣ ለእነሱም ደኅንነት እንደሆነ ነግሯቸዋል። ይህን የጻፈው በእስራት ሆኖ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስም በሁለተኛ መልእክቱ መጀመሪያ ላይ ምንም ብታውቁት፣ ምንም ብትጸኑበት ከማሳሰብ ቸል አልልም ይላል። የሚያውቁትን ነው የሚያሳስባቸው! ቅዱስ ዮሐንስ ደግሞ በኤፌሶን ሸምግሎ ሳለ ወደ ጉባኤ እየተደገፈ ይመጣ እንደነበር ቅዱስ ጄሮም ጽፎልናል። ረጅም መናገር ስላልቻለ ሁልጊዜ የሚለው «ልጆቼ ሆይ፣ እርስ በርሳችሁ ተዋደዱ» ነበር። ሰልችቷቸው ለምን ያንኑ ትደግማለህ ሲሉት፣ የጌታ ትእዛዝ ናትና፤ እርሷ ብቻ ብትፈጸም ይበቃል አላቸው። የእኛ ሕፃናት የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ ንባብ የሚጀምሩት በዚሁ ሐዋርያ መልእክት ነው። ከዚያም በአንድ ድምፅ እየጮኹ እስኪገባቸው ይመላለሱበታል። ይህን ሳስብ አባቶቻችን ሥርዓቱን ሲሠሩ ምን ያህል አርቀው እንዳዩ ይገርመኛል።

ወሎ ለዚህ ብዙ ምስክር አላት። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ጉባኤ ዘርግተው አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጭምር አስተምረዋል። ትምህርቱ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው በቃል በመያዝና በመከለስ ነው። ዋድላን ደግሞ እዩ፤ በቅኔ ስሟ የተጠራ አገር ናት። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ መቀኘት በቅኔ ቤት አያስከብርም። ባለቅኔው በየጊዜው አዲስ ይቀኛል። ግን አዲሱን የሚያወጣው ከየት ነው? ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያመላልሰው ከኖረው ከመጽሐፉ ታሪክ ነው። ያላመላለሰው ሰው የሚቀኝበት ነገር የለውም።

መስከረም 21 ግሸን የሚወጣውን ሕዝብም ተመልከቱ። አምና የወጣ ሰው «አይቻታለሁ» ብሎ ዘንድሮ አይቀርም። ላሊበላም ለልደት ቤዛ ኵሉ የተባለው ዝማሬ ሲባል ከላይ ያሉት ካህናት ያነሡትን ከታች ያሉት ይቀበላሉ፤ ያው ቃል ይመላለሳል። ሕዝቡ ግን ከሩቅ አገር በእግሩ ይመጣል። እግራችን መመላለስን ካልሰለቸ ጆሯችን ለምን ይሰለቻል?

ለመምህራን አንድ ቃል ልጨምር። ይህ ሁሉ ለስንፍና ሽፋን አይሁንላችሁ። ያንኑ ወንጌል ስትሰብኩ እንደ አዲስ ጹሙበት፤ ትርጓሜውን እንደገና ተመልከቱ። ሕዝቡ የተጸለየበትን ስብከትና ያልተጸለየበትን ይለያል።

ለምእመናን ደግሞ፦ ቅዳሜ ማታ የእሑዱን ወንጌል ቤታችሁ አንብቡ። የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ዲያቆኑን ጠይቁት፤ የየዕለቱ ንባብ የተጻፈበትን መጽሐፍ፣ ግጻዌውን፣ አይቶ ይነግራችኋል። ማንበብ የቻለ ልጅ ካለ እሱ ያንብብ፤ እናንተ ስሙት። አምና ያላስተዋላችሁት አንድ ቃል ካገኛችሁ ያዙትና እሑድ ይዛችሁት ቁሙ። ምንም ካላገኛችሁም አብሽሩ፣ አትዘኑ። እመቤታችንም ያን ሁሉ ነገር በልቧ ትጠብቀው ነበር ተብሎ ተጽፏል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።