የደሴና የኮምቦልቻ ጊደሮች፦ ዕድሜ ሳይሆን ኪሎ

ደሴ ላይ የወተት ላም የሚያረባን ሰው ስለ ጊደሩ ብትጠይቀው መጀመሪያ የሚነግርህ ዕድሜዋን ነው። «ሁለት ዓመት ሞልቷታል፣ ዘንድሮ ኮርማ ትፈልጋለች» ይልሃል። ልትፈልግም ላትፈልግም ትችላለች። ጉዳዩን የሚወስነው ከዕድሜዋ ይልቅ ኪሎዋ ነው።

ጊደር መጀመሪያ ኮርማ የምትፈልገው፣ አድጋ ሙሉ ላም ስትሆን የሚኖራትን ክብደት ከ40 እስከ 50 ከመቶ ስትይዝ ነው። መጠቃት፣ ማለትም መደቀል፣ ያለባት ግን 60 ከመቶ ሲሞላት ነው። ለምሳሌ አድጋ 400 ኪሎ የምትሆን ክልስ 240 ኪሎ ሳትደርስ አዳቃይ (የኮርማ ዘር በመርፌ የሚያስገባውን ባለሙያ) መጥራት ጥድፊያ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ጮኸች፣ ሌሎቹ ላይ ወጣች» ሲባል ደረሰች ማለት ይመስለዋል።

እስቲ እናስላው። 25 ኪሎ ሆና የተወለደች ጥጃ 240 ለመድረስ 215 ኪሎ መጨመር አለባት። በቀን 400 ግራም ከጨመረች በ18 ወር ገደማ ትደርሳለች። 200 ግራም ብቻ ከጨመረች ግን 3 ዓመት ሊሞላት ነው። የ9 ወር እርግዝናውን ደምርበት፤ ሳትታለብ 4 ዓመት ገደማ ልትቀለብ ነው ማለት ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ብርዱ ለፈረንጅ ክልስ ይመቻል። ችግሩ ቦታና ሣር ነው። ግቢው ጠባብ ነው፣ ጭዱ በግዢ ነው፣ ፉርሽካና ፋጉሎው (ዘይት የተጨመቀ እህል ተረፉ) ደግሞ መጀመሪያ ለምትታለበዋ ይሰጣል። ጊደሯ የተረፈውን ነው የምትለቅመው። ኮምቦልቻ ስትወርድ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ይሞቃል። የቢራ ፋብሪካው አተላ ቅርብ ነው፣ ግን እርጥብ ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል። ሙቀቱ ሌላም ጣጣ አለው፤ ላሞች ኮርማ የመፈለግ ምልክቱን አሳጥረው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ያሳያሉ። ባለቤቱ ተኝቶ ያልፈዋል። ከዚያ 21 ቀን መጠበቅ ነው። ጠዋት ካየህ ማታ፣ ማታ ካየህ በማግስቱ ጠዋት ማስደቀል የሚለው ልማድ የሚሠራው መጀመሪያ ካየህ ነው።

እኛ ቤት አንዲት ጊደር ነበረች፣ የግንባሯ ነጭ ቦቃ እስካሁን አይኔ ላይ አለ። ገና ሳትጠና የጎረቤት ኮርማ አገኛት፣ እኛም ደስ አለን፣ የአዳቃይ ወጪ ተረፈልን ብለን። ስትወልድ ሦስት ሰው በገመድ ጎትቶ ነው ጥጃው የወጣው፤ እሱም አልቆየም። እሷ ተረፈች፣ ግን ከዚያ በኋላ ኮርማ ሳትፈልግ ከዓመት በላይ ከረመች። ኪሎዋ ያልሞላ ጊደር ስትወልድ የሚገጥማት ይኸው ነው፦ ዳሌዋ ጠባብ ነው፣ የምትበላው ደግሞ ለራሷ እድገትም ለወተቱም ስለሚከፋፈል ለሚቀጥለው እርግዝና የሚተርፍ የለም። ለዚህ ነው ስትወልድ የሙሉ ላም ክብደቷን ከ80 እስከ 85 ከመቶ ትሙላ የሚባለው።

መወፈርም መፍትሄ አይደለም። ከመጠን በላይ የሰባች ጊደር ቶሎ አታረግዝም፣ ስትወልድም ስቡ መውጫውን ያጠበዋል። በልጅነቷ ከመጠን በላይ ስትቀለብ ደግሞ ጡቷ ውስጥ ወተት ሰጪው ክፍል በሚያድግበት ቦታ ስብ ይይዛል። አጥንቷ የማይቆጠር፣ ጀርባዋም ትራስ ያልሆነ፣ መካከለኛዋ ጥሩ ናት።

ሚዛን የለኝም ትላለህ። ማንስ አለው! የደረቷን ዙሪያ ከፊት እግሮቿ ኋላ ለካ፣ ቁጥሩን በራሱ አባዛው፣ ከትከሻዋ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቷ ጫፍ ባለው ርዝመት አባዛ፣ ለ10,840 አካፍል። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 120 ሴንቲሜትር ከሆነ 249 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ግምት ነው፣ ግን ከዓይን ይሻላል። የልብስ ሰፊ ሜትር ደግሞ 150 ላይ ነው የሚያልቀው። ደረቷ ላይ ዞሮ ጫፍና ጫፉ ከተደራረበ ገና ናት፤ ልክ ከተገጣጠመ ርዝመቷን ለካና አስላ፤ አልገጥም ካለ ለአዳቃዩ ደውል።