«እናንተ ዘንድ ዝግመተ ለውጥ ክልክል ነው አይደል?» እና ሌሎች የሰለቹኝ ጥያቄዎች

በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ፣ ዙሪያዋን በቆሎና አኩሪ አተር በሚታረስባት ከተማ፣ በአንድ አነስተኛ የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ይህን የሰማ ያገሬ ሰው ሰርግም ላይ ይሁን ልቅሶ ቤት የጨበጠውን እጄን ሳይለቅ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ። ጠያቂዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛዋ ልጃቸውን ኮሌጅ ሊልኩ የተሰናዱ እናት ናቸው፤ «ዶክተርዬ፣ እናንተ ዘንድ ያ የዝንጀሮው ነገር አይነገርም አይደል?» ይሉኛል፣ በተስፋ። ሁለተኛው ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የሚኖር፣ በኮምፒውተር ሙያ የተሰማራ ጎልማሳ ነው፤ «እናንተ እኮ ባዮሎጂን የምትጀምሩት ከኦሪት ዘፍጥረት ነው» ብሎ ይስቅብኛል። መልሴን ሲሰሙ እናትየው ያዝናሉ፣ ጎልማሳው አያምነኝም። ስለዚህ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ልመልስና ከእንግዲህ ሰርግ ላይ እንጀራዬን በሰላም ልብላ።

ቀላል ቀላሎቹን አስቀድማለሁ።

«መምህራኑ ፓስተሮች ናቸው።» አይደሉም። የኬሚስትሪው ባልደረባዬም፣ የፊዚክሱም፣ እኔም ዶክትሬታችንን የሠራነው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ነው።

«ተማሪው ሁሉ አማኝ ነው።» ተማሪዎቻቸውን የእምነት መግለጫ የሚያስፈርሙ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ የማያስፈርሙም ብዙ ናቸው። እኔ ክፍል ውስጥ ሙስሊሞች አሉ፣ በምንም የማያምኑ አሉ፣ የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ስለ መለመላቸው ብቻ የመጡም አሉ።

«እዚያ ጸሎት እንጂ ጥናት የለም።» የጸሎት ጉባኤ በእርግጥ አለ፤ በብዙዎቹ ዘንድ ተማሪው በየሴሚስተሩ የተወሰነ ጊዜ መገኘት ይጠበቅበታል። ክፍለ ጊዜውን በአጭር ጸሎት የሚከፍቱ ባልደረቦችም አሉኝ። ከ«አሜን» በኋላ ግን ፈተናው ያው ፈተና ነው፤ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ እዚህም የሚጥለውን ይጥላል። እኔን በሃይማኖት በኩል የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው፦ የትምህርት ክፍላችን የጋራ ምሳ የሚበላው ረቡዕ ነው። ፒዛው በአይብና በሥጋ የተሸፈነ ነው። ኃላፊያችን መልካም ሰው ነው፤ ጾም መሆኑን በነገርኩት ቁጥር ከልቡ ያዝናል፣ በሚቀጥለው ረቡዕ ይረሳዋል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ሕያዋን ነገሮች በብዙ ትውልድ ቀስ በቀስ ይለወጣሉ ወደሚለው ትምህርት።

«ዝግመተ ለውጥ ክልክል ነው።»

አንድ ወጥ የሆነ «የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ» የለም። ኦሃዮ ያለው ሴዳርቪል ዩኒቨርሲቲ ፍጥረት ቃል በቃል በስድስት ቀን መፈጸሙን በእምነት መግለጫው ላይ አስፍሯል፤ እዚያ የሚያስተምር ይህን ተቀብሎ ነው የሚገባው። ሚሺጋን ውስጥ በግራንድ ራፒድስ የሚገኘውና በ1876 እ.ኤ.አ. የሆላንድ ስደተኞች ቤተ ክርስቲያን የመሠረተችው ካልቪን ዩኒቨርሲቲ ግን ዝግመተ ለውጥን እንደ ማንኛውም የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ያስተምራል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ብዙ ዓይነት አለ። የእኔው ወደ ሁለተኛው ያደላል። ስለዚህ «የክርስቲያን ስለሆነ» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር፣ ከእናትየውም አፍ ይውጣ ከጎልማሳው፣ ገና ከመነሻው ስቷል።

እኔ ምን አስተምራለሁ? የሰው ልጅ 46 ክሮሞሶም ሲኖረው ቺምፓንዚና ጎሪላ 48 እንዳላቸው አስተምራለሁ። ሁለተኛው ክሮሞሶማችን ጥንት ሁለት የነበሩ ክሮሞሶሞች ተጋጥመው የተፈጠረ መሆኑን፣ ለዚህም ማስረጃው በክሮሞሶም ጫፍ ላይ የሚገኘው የዲኤንኤ ቅደም ተከተል እዚህ መሃል ላይ መገኘቱ እንደሆነ አሳያለሁ። ቫይታሚን ሲ የሚሠራው ዘረመላችን እንደ ተበላሸና የቅርብ ዘመዶቻችን በሆኑት እንስሳትም ዘንድ እንዲሁ ተበላሽቶ እንደሚገኝ አስተምራለሁ። መማሪያ መጽሐፋችን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሚሠራበት አይለይም።

ከሁሉ የምወደው ክፍለ ጊዜ ግን ስለ ስሜን ተራሮች የማስተምርበት ነው። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች አየሩ ስለሚሳሳባቸው በደማቸው ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ኦክስጅን ተሸካሚው ንጥረ ነገር፣ ከፍ ይላል። በስሜን ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩት ያገራችን ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። የተራራው ችግር አንድ ሆኖ ሳለ የሰው አካል በሁለቱ ቦታዎች የሰጠው መልስ ተለያየ። ይህን ስናገር እስከዚያ ድረስ ስልኩን ሲያይ የነበረው የአዮዋ ገበሬ ልጅ ሳይቀር ቀና ይላል።

ስለ ዝንጀሮው ደግሞ፦ ሰው ዛሬ ስሜን ላይ ሣር ከሚግጠው ጭላዳ ተወለደ የሚል ባዮሎጂስት የለም። የሚባለው ሁለቱም የጋራ ጥንታዊ ቅድመ አያት አላቸው ነው። ይህን ስንት ጊዜ እንደምናገረው እግዚአብሔር ይወቀው።

የእናቶቹ ነገር አንዳንዴ ያስቀኛል። ክረምት ላይ ልጆቻቸውን አገር ቤት ወስደው አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ያስገባሉ፤ በ1974 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ከተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ከሆናት ከድንቅነሽ ፊት አቁመው በኩራት ፎቶ ያነሷቸዋል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ እኔ ዘንድ መጥተው ያንኑ ከልጁ እንድደብቅላቸው ይለምኑኛል። ብደብቀው ደግሞ የሚጎዳው ራሱ ልጁ ነው፤ ሐኪም እንዲሆንላቸው ነው የሚመኙት፣ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያው ፈተና ኤምካት ደግሞ ስለ ተፈጥሯዊ ምርጫ፣ ማለትም ለአካባቢው የሚስማማ ባሕርይ ያለው ፍጡር ይበልጥ ስለ መዋለዱ፣ ይጠይቃል። አንቲባዮቲክን ስለ ተላመደ ባክቴሪያም ያለ ዝግመተ ለውጥ የሚያስረዳ መምህር አላውቅም።

ለጎልማሳው የምመልሰው ሌላ ነው። የዘመናዊውን የዝግመተ ለውጥ ሳይንስ ካቆሙት አንዱ ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። ያለ ዝግመተ ለውጥ ብርሃን በባዮሎጂ ውስጥ ትርጉም የሚሰጥ ነገር የለም ብሎ በ1973 የጻፈው እሱ ነው፤ በዚያው ጽሑፍ ራሱን የፍጥረትም የዝግመተ ለውጥም አማኝ አድርጎ ገልጿል። የሰው ልጅ ጂኖም ፕሮጀክትን የመራውና ከ2009 እስከ 2021 የአሜሪካን ብሔራዊ የጤና ተቋማት በዳይሬክተርነት ያስተዳደረው ፍራንሲስ ኮሊንስ እምነቱን በአደባባይ የሚናገር ወንጌላዊ ክርስቲያን ነው። ይህም ካልበቃው፣ ጎልማሳው በሳይንስ ፋኩልቲ የተመረቀበት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱ የበቀለው በ1950 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ያንን ኮሌጅ እንዲያቋቁሙና እንዲመሩ ንጉሠ ነገሥቱ የሾሟቸው ዶክተር ሉሲየን ማት ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ካህን ነበሩ። ታዲያ የእርሱ ዲግሪ በዚህ ምክንያት ቀለለ?

ነገሩ ሁልጊዜ ሰላም ነው አልልም። ቴነሲ ውስጥ ያለው ብራያን ኮሌጅ በ2014 ስለ አዳምና ሔዋን የእምነት መግለጫው ላይ ማብራሪያ በመጨመሩ ሥራቸውን የለቀቁ መምህራን ነበሩ። በክፍል ውስጥም የሚጨነቅ ተማሪ አለ። ከብት ከሚያረባ ቤተሰብ የመጣች አንዲት ልጅ ቢሮዬ ቁጭ ብላ «አንዱን መምረጥ አለብኝ?» አለችኝ። ፈተናዬ ማስረጃው ምን እንደሚል እንጂ አንቺ ምን እንደምታምኚ አይጠይቅም አልኳት። አባቷ ኮርማ ሲመርጥ ምን እንደሚያይ እንድታስረዳኝ ስጠይቃት ከእኔ የተሻለ አስረዳችኝ። ዛሬ የድኅረ ምረቃ ትምህርቷን በባክቴሪያ ላይ እየሠራች ነው፤ ቤተ ክርስቲያኗንም አልተወችም። እንዲህ ያለ ጥያቄ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ ለማን ይቀርባል?

ስለዚህ ልጅ የምትልኩ ሰዎች ወሬ ተዉና ይህን አድርጉ። የዩኒቨርሲቲውን የእምነት መግለጫ ከራሱ ድረ ገጽ አንብቡ፤ መምህራኑ ይፈርሙበት እንደሆነ ጠይቁ። የኮርሶቹን ዝርዝር አይታችሁ ዝግመተ ለውጥ በስሙ መኖሩን አረጋግጡ። ጉብኝት ስትሄዱ ከመቀበያው ክፍል ሠራተኛ ጋር ብቻ ተጨባብጣችሁ አትመለሱ፤ ቤተ ሙከራ ግቡና እዚያ ያገኛችሁትን ተማሪ ምን እየሠራ እንደሆነ ጠይቁት። ማስረዳት ካቃተው ያ ራሱ መልስ ነው።

«ትንሽ ስለሆነ ምርምር የለም።»

ይህም የተገላቢጦሽ ነው። በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ባዮሎጂ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ተማሪዎች በአንድ አዳራሽ ይሰጣል፤ ቤተ ሙከራውን የሚመሩት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ናቸው፤ ውዱን መሣሪያ የሚነኩትም እነሱ ናቸው። እኛ ዘንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የለም። ስለዚህ መሣሪያው በሁለተኛ ዓመት ተማሪ እጅ ይገባል፤ ሲበላሽም ከእኔ ጋር ከፍቶ የሚያየው እሱ ነው። ሚሺጋን ውስጥ ሆላንድ በምትባል ከተማ ያለው ሆፕ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚሠሩበት የራሱ የቅንጣት ማፍጠኛ (የአቶም ቅንጣቶችን በታላቅ ፍጥነት የሚያስወነጭፍ የፊዚክስ መሣሪያ) አለው። በ1996 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ሪቻርድ ስሞሊ የመጀመሪያዎቹን የኮሌጅ ዓመታት ያሳለፈው እዚያ ነው።

ጉድለታችንንም ልናገር። ሴንትሪፊዩጃችን (ፈሳሽን በፍጥነት አሽከርክሮ የሚለየው መሣሪያ) ከተማሪዎቼ በዕድሜ ይበልጣል። አንዳንድ ኮርሶች በየሁለት ዓመቱ ብቻ ስለሚሰጡ ያመለጠው ይጠብቃል። መምህሩ በየሴሚስተሩ አራት ኮርስ ያህል ስለሚያስተምርና ብልቃጡንም ራሱ ስለሚያጥብ፣ ለምርምር ጊዜ የሚያገኘው በአብዛኛው በአሜሪካው የበጋ ዕረፍት (በሰኔና በሐምሌ ግድም) ነው። ለዚህ መፍትሔው የናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን የበጋ ምርምር ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ሳምንት ያህል ምርምር ይሠራል፤ ይከፈለዋልም። ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል። ማመልከቻው የሚገባው ገና በአሜሪካው የክረምት ብርድ (በጥርና በየካቲት ግድም) ስለሆነ፣ በግንቦት መጥቶ «ምን ልሥራ?» የሚለኝ ተማሪ አምልጦታል።

ሕክምና ትምህርት ቤት የሚያየው ውጤቱን፣ የኤምካት ነጥቡን፣ ከታካሚዎች ጋር ያሳለፈውን ጊዜና የመምህራንን የድጋፍ ደብዳቤ ነው። የዩኒቨርሲቲው ስም ስለ ገነነ ብቻ የሚከፈት በር አይደለም።

«ዋጋው አይቀመስም።» የታተመው ዋጋ አብዛኛው ተማሪ የሚከፍለው ዋጋ አይደለም። የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤው እስኪመጣ ጠብቃችሁ አወዳድሩ።

«መምህሩ ያገራችን ሰው ስለሆነ የልጄን ውጤት ይነግረኛል።» አልነግርም። የ1974 የፌዴራል ሕግ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የኮሌጅ ተማሪን የትምህርት መረጃ ያለ ራሱ የጽሑፍ ፈቃድ እንዳላወጣ ያግደኛል፤ ክፍያውን የሚከፍሉት እርስዎ ቢሆኑም፣ ክርስትና ያነሣሁት ልጅ ቢሆንም። ልጅዎን ራሱን ይጠይቁት። ደግሞም ወደ እኔ መምጣት ያለበት እሱ ነው፤ ቢሮዬ ክፍት የሚሆንበት ሰዓት በኮርሱ መግለጫ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፏል፣ ብዙውን ጊዜም ብቻዬን ነው የምቀመጠው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚፈልግ ቀነ ገደቡ ከመድረሱ አንድ ወር በፊት የሕይወት ታሪኩን፣ የውጤት ዝርዝሩንና ያመለከተባቸውን ትምህርት ቤቶች ስም ይዞ ይምጣ። በእናቱ ስልክ የሚመጣ ጥያቄ አልቀበልም።