የምክር ቤት ቁጥጥር በመመሪያ ላይ ምንድን ነው?

ጎንደር ፒያሳ ላይ ሱቅ ያለው ነጋዴ ወይም ከአራዳ አዘዞ የሚመላለስ ባለባጃጅ ከመንግሥት ቢሮ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው አዋጅ አይደለም። መመሪያ ነው። "መመሪያው አይፈቅድም" ይባላል፣ ጉዳዩም እዚያው ያልቃል። ለመሆኑ መመሪያውን ማን አወጣው? ያወጣው መሥሪያ ቤትስ እዚህ ድረስ እንዲሄድ ማን ፈቀደለት? ይህን በሕዝብ ስም መጠየቅ የተመረጠው ምክር ቤት ሥራ ነው።

ሕግ በአገራችን በሦስት ደረጃ ይወጣል። አዋጅ የሚያወጣው ምክር ቤቱ ነው፤ በፌዴራል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ በእኛ ክልል ደግሞ ባሕር ዳር የሚሰበሰበው የክልሉ ምክር ቤት። ደንብ የካቢኔው ነው። መመሪያ ግን በሚኒስቴር ወይም በቢሮ ደረጃ ተዘጋጅቶ፣ በኃላፊ ፊርማ ሥራ ላይ ይውላል። የክልሉ አዋጅ በክልሉ የሕግ ጋዜጣ፣ በዝክረ ሕግ፣ ታትሞ ይወጣል። መመሪያው ግን መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ባለጉዳዩ የሚሰማው ከሠራተኛው አፍ ብቻ ይሆናል።

ምክር ቤት ዝርዝሩን ሁሉ ራሱ ሊጽፍ አይችልም። ለዚህ ነው አዋጆች መጨረሻ አካባቢ "ለዚህ አዋጅ ማስፈጸሚያ መመሪያ ሊያወጣ ይችላል" የሚል አንቀጽ የማይጠፋው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721ም ብዙውን ዝርዝር ለክልሎች ደንብና መመሪያ ነው የተወው። ይህ በራሱ ክፋት የለውም። ግን ወንድምህ ቤትህን እንዲያከራይልህ ውክልና ብትሰጠው፣ ቤቱን መሸጥ አይችልም። መሥሪያ ቤቱም እንዲሁ ነው። አዋጁ ያልጣለውን ክፍያ፣ ያልደነገገውን ቅጣት በመመሪያ ከጨመረ የተሰጠውን ሥልጣን አልፏል። ተቆጣጣሪው ምክር ቤት መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን ነው።

ሌላው ዓለም ለዚህ የተለያየ መንገድ አለው። በእንግሊዝ ብዙዎቹ የሚኒስትር ደንቦች ፓርላማ ከቀረቡ በኋላ በ40 ቀን ውስጥ ሊሻሩ ይችላሉ። አሜሪካ ውስጥ የአይዳሆ ግዛት ምክር ቤት የአስተዳደር ደንቦችን በየዓመቱ ይገመግማል፣ ያልተስማማውንም ውድቅ ያደርጋል። በ2016 እ.ኤ.አ. መራጩ ሕዝብ ይህን ሥልጣን በግዛቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ እንዲገባ ድምፅ ሰጠ። በ2019 ደግሞ ምክር ቤቱ ደንቦቹን የሚያድሰውን ሕግ ሳያጸድቅ ተበተነ። ከ8,000 ገጽ በላይ የሆነ ደንብ ጊዜው ሊያልፍበት ስለሆነ አገረ ገዥው የሚያስፈልገውን መርጦ በጊዜያዊነት እንደገና ማውጣት ግድ ሆነበት። እንዲህ ያለ ሥልጣን ሥራም ሊያቆም ይችላል፤ ይህ አይካድም።

እኛ ጋ መንገዱ ሌላ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ደግሞ ትልቅ እርምጃ ነው። መሥሪያ ቤቱ ረቂቅ መመሪያውን ለሕዝብ አሳውቆ አስተያየት እንዲቀበል፣ በመጀመሪያ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ዛሬ ለፍትሕ ሚኒስቴር ልኮ እንዲያስመዘግብ፣ በድረ ገጹም እንዲያወጣ ያስገድዳል። ቅር የተሰኘ ሰው ፍርድ ቤት መሄድም ይችላል። ግን ልብ በሉ፤ መዝጋቢው ራሱ የአስፈጻሚው አካል ነው። አዋጁም የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን፣ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ነው። የጎንደር ከተማ ጽሕፈት ቤቶች በዚህ አዋጅ ስር አይደሉም።

በእኔ እምነት ትልቁ ክፍተት ምክር ቤቶቻችን ሲቆጣጠሩ የሚያዩት ነገር ላይ ነው። ቋሚ ኮሚቴው የመስክ ምልከታ ያደርጋል፣ የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ያዳምጣል። ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ ተሠራ፣ ስንት ሥራ አጥ ተደራጀ ይባላል። ይህ ጥሩ ነው። ግን በዚያ ሩብ ዓመት ምን ምን መመሪያ ወጣ፣ የትኛውን የአዋጅ አንቀጽ ይዞ ወጣ፣ ማንን ምን አስከፈለ የሚለው ሰነድ ጠረጴዛው ላይ ካልቀረበ ሕዝቡን በየቀኑ የሚነካው ሕግ ሳይታይ ያልፋል። ከሪፖርቱ ጋር የመመሪያዎቹ ዝርዝር ይቅረብ ማለት አዲስ በጀት አይጠይቅም።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው በር ደግሞ አለ። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በ1992 ዓ.ም. ሲቋቋም ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ በአስፈጻሚ አካላት የሚወጡ መመሪያዎች የዜጎችን መብትና ሕግን የማይቃረኑ መሆናቸውን መከታተል ነው። ተጠሪነቱም ለተወካዮች ምክር ቤት ነው። ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው።

ስለዚህ ጎንደር ውስጥ ማራኪ ሰፈርም ሆነ አዘዞ "መመሪያው ነው" ያሉት ሰው የመመሪያውን ቁጥር፣ የወጣበትን ቀንና የተመሠረተበትን የአዋጅ አንቀጽ መጠየቅ ይችላል። ካልተሰጠው ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጎ፣ አንድ ቅጂ ለራሱ አስቀርቶ ለመረጠው የምክር ቤት አባል ያስገባ።