አንቶን ቼኾቭ፦ ሐኪሙ ደራሲ

ሩሲያዊው የአጭር ልብ ወለድ ደራሲና ጸሐፌ ተውኔት አንቶን ፓቭሎቪች ቼኾቭ በአዞቭ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው የታጋንሮግ ወደብ ከተማ ጃንዩዋሪ 29 ቀን 1860 ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አያቱ ከነቤተሰቡ የባለርስት ንብረት ሆኖ የኖረ ገበሬ ሲሆን፣ በ1841 3,500 ሩብል ከፍሎ ራሱንና ቤተሰቡን ነጻ አወጣ። አባቱ ፓቬል የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ነበረው፤ ሃይማኖቱን አጥብቆ የሚይዝ፣ ልጆቹን ለቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚያሰልፍ፣ ሲቆጣም የሚገርፍ ሰው ነበር። በ1876 ሱቁ ከስሮ አባትየው ከአበዳሪዎቹ ሸሽቶ ሞስኮ ገባና ቤተሰቡም ተከተለው። የ16 ዓመቱ አንቶን ግን ትምህርቱን እስኪጨርስ ለሦስት ዓመታት ታጋንሮግ ቀረ፤ ተማሪ እያስጠና ራሱን ከመቻሉም በላይ የቤቱን ቅሪት ዕቃ እየሸጠ ለእናቱ ገንዘብ ይልክ ነበር።

በ1879 ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና ማጥናት ሲጀምር የቤተሰቡ ቀለብ በእሱ ትከሻ ላይ ወደቀ። መጻፍ የጀመረውም ለዚሁ እንጀራ ነው። «አንቶሻ ቼኾንቴ» በሚል የብዕር ስም ለቀልድ መጽሔቶች የሚልካቸው ጽሑፎች የሚከፈልባቸው በመስመር ብዛት ነበር፤ ዋናው ደንበኛው የነበረው የፒተርስበርጉ መጽሔት ደግሞ አንድ ታሪክ ከ100 መስመር ገደማ እንዲያልፍ አይፈቅድም ነበር። ብዙዎች የቼኾቭን ቁጥብነት ከተፈጥሮ ችሎታው ብቻ ቢቆጥሩትም፣ ቦታ ሳያባክን ሰውን በሁለት ዐረፍተ ነገር የመሳል ልማዱን ይህ የመስመር ገደብ እንዳጠነከረው መገመት አያዳግትም። በ1884 ሐኪም ሆኖ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይም ለመጀመሪያ ጊዜ ደም ተፋ። በ1886 አንጋፋው ደራሲ ዲሚትሪ ግሪጎሮቪች ተሰጥኦውን እንዳያባክን የሚመክር ደብዳቤ ከላከለት በኋላ ጽሑፉን በቁም ነገር ያዘው።

የዚያን ጊዜ ሥራው ምን ያህል እንደ በሰለ ለማየት በ1886 መጀመሪያ የወጣውን «ሐዘን» የተባለ አጭር ታሪክ መመልከት ይበቃል። ኢዮና የሚባል ሽማግሌ ባለጋሪ በቅርቡ ልጁ ሞቶበታል። በረዶ እየወረደበት ተሳፋሪ ያመላልሳል፤ ለእያንዳንዱም ልጁ መሞቱን ሊነግር አፉን ሲከፍት አንዱ መንገዱን ፈጥኖ እንዲጨርስ ያዘዋል፣ ሌላው ሁላችንም እንሞታለን ብሎ ያሳጥረዋል። ሌሊት ከጋጣው ገብቶ ድርቆሽ ለምታላምጠው ፈረሱ ሁሉንም ይነግራታል። ደራሲው ስለ ኀዘን አንድም አስተያየት አልሰጠም፤ ልክ በሽተኛን እንደሚመረምር ሐኪም ምልክቶቹን ብቻ መዝግቦ አለፈ። በ1888 ለጓደኛው ለአሳታሚው አሌክሴይ ሱቮሪን ሲጽፍ ሕክምናን ሕጋዊ ሚስቱ፣ ሥነ ጽሑፍን ውሽማው አድርጎ መግለጹ ይታወቃል፤ ቀልዱ ግን ሁለቱ ሥራዎች በእሱ ዘንድ ምን ያህል የተጋመዱ እንደ ነበሩ ይሸፍናል።

«ስቴፕ» የተባለው ረጅም ታሪኩ በወጣበት በ1888 ፑሽኪን የተባለውን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘ። በማግስቱ ዓመት ሠዓሊ ወንድሙ ኒኮላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ በ1890 ደግሞ ቼኾቭ ራሱ ታማሚ ሳንባ ይዞ፣ ወዳጆቹን ሁሉ ግራ ባጋባ ውሳኔ፣ በሩሲያ ምሥራቃዊ ጫፍ ወደምትገኘው የግዞተኞች ደሴት ወደ ሳኻሊን ጉዞ ጀመረ። ሳይቤሪያን የሚያቋርጠው የባቡር ሐዲድ ገና አልተጀመረም ነበር። ስለዚህ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ በባቡር፣ በወንዝ መርከብና ከሁሉም በላይ በጭቃ በተዋጠ መንገድ ላይ በፈረስ ሠረገላ ተጓዘ። ደሴቲቱ ላይ በቆየባቸው ሦስት ወራት ገደማ ያሳተመውን የመጠይቅ ካርድ ይዞ ከጎጆ ወደ ጎጆ እየዞረ፣ የነዋሪውን ስም፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ፣ ማንበብ መቻል አለመቻሉንና የመሳሰለውን እየጠየቀ 10,000 ያህል ካርዶች ሞላ። ባለሥልጣናቱ ብዙ ቢተባበሩትም የፖለቲካ እስረኞችን እንዳያነጋግር ከልክለውታል። በተፈረደበት 90 ግርፋት ሲቀጣ ያየውን እስረኛ ሲተርክ፣ መሐል ላይ መቋቋም አቅቶት ወደ ደጅ መውጣቱን፣ ድምፁ ግን እዚያም ድረስ እንደ ተከተለው ይነግረናል። በ1895 በመጽሐፍ መልክ የታተመው «የሳኻሊን ደሴት» በአኃዝና በዝርዝር የታጨቀ በመሆኑ ልብ ወለዱን የሚወዱ አንባቢዎች ይዘሉታል፤ የኋለኛውን ቼኾቭ ለመረዳት ግን ከብዙዎቹ ታሪኮች ይልቅ እሱ ይጠቅማል።

ጉዞው በተዘዋዋሪ የገባበት ሥራ በ1892 የወጣው «ክፍል ቁጥር 6» ነው። ስቃይ የአስተሳሰብ ጉዳይ ነው እያለ በፍልስፍና ራሱን የሚያጽናና አንድ የአውራጃ ሐኪም፣ በሚያስተዳድረው ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ራሱ ይዘጋበትና በዘበኛው ጡጫ ፍልስፍናው ይፈርሳል። ቼኾቭ ግን እንደ ገጸ ባሕርይው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በዚያው ዓመት ከሞስኮ በስተ ደቡብ ሜሊኾቮ የተባለ ርስት ገዝቶ ከነወላጆቹ ሰፈረ፤ ኮሌራ ሲነሣ 25 መንደሮች፣ አራት ፋብሪካዎችና አንድ ገዳም ያሉበትን ቀጠና ያለ ደመወዝ ተረከበ፤ በአካባቢው ሦስት ትምህርት ቤቶችም አሠርቷል።

ተውኔቶቹ ከልብ ወለዱ ይልቅ በዓለም መድረክ ስሙን አስጠርተውታል። «የባሕር ወፍ» በ1896 በፒተርስበርግ ሲታይ ተመልካቹ ስለጮኸበት ደራሲው ከቴአትር ቤቱ ሹልክ ብሎ ወጣ። ያው ተውኔት ከሁለት ዓመት በኋላ የቴአትር ሰዎቹ ስታኒስላቭስኪና ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ባቋቋሙት የሞስኮ አርት ቴአትር በድል ተቀባይነት አገኘ። «አጎቴ ቫንያ»፣ «ሦስቱ እህትማማቾች» እና «የቼሪ አትክልት ቦታ» በዚሁ መድረክ ቀጠሉ። በመጨረሻው ተውኔት ላይ ደራሲውና አዘጋጁ አልተግባቡም፤ ቼኾቭ ኮሜዲ ብሎ የሰየመውን ስታኒስላቭስኪ አሳዛኝ ድራማ አድርጎ አነበበው፤ አዘጋጆችም ከዚያ ወዲህ በዚሁ ጉዳይ ይከራከራሉ።

በ1897 ሳንባው ክፉኛ ደም በማፍሰሱ ሐኪሞች ወደ ሞቃት ቦታ እንዲሄድ መከሩት። በ1899 የሥራዎቹን መብት ለአሳታሚው አዶልፍ ማርክስ በ75,000 ሩብል ሸጠ፤ ሰፈሩንም በክሪሚያ ወደምትገኘው ያልታ አዛወረ። በ1901 ተዋናይቷን ኦልጋ ክኒፐርን ያገባ ሲሆን፣ ጋብቻው በአብዛኛው በደብዳቤ የኖረ ነው፤ እሷ በሞስኮ መድረክ፣ እሱ በያልታ። በ1902 የደራሲው ማክሲም ጎርኪ የሳይንስ አካዳሚ አባልነት በመሰረዙ፣ ቼኾቭ ከደራሲው ኮሮሌንኮ ጋር የራሱን የአካዳሚው የክብር አባልነት ትቷል። ጁላይ 15 ቀን 1904 በጀርመን ባደንቫይለር በ44 ዓመቱ ሞተ፤ አስከሬኑም ወደ ሞስኮ ተወስዶ በኖቮዴቪቺ መቃብር ተቀበረ። ያልታ ያለውን ቤት ሙዚየም ካደረገች በኋላ እህቱ ማሪያ በ1957 እስከ ሞተችበት ጊዜ ድረስ አስተዳደረችው፤ በሶቪየት ዘመን ከ1974 እስከ 1983 በ30 ቅጾች ከታተመው ሙሉ የሥራዎቹ ስብስብም 12ቱ ደብዳቤዎቹን ብቻ የያዙ ናቸው።