"በልቤ ሰወርሁ" ነው የሚለው ዳዊት

ሰላም እህት ወንድሞቼ፣ እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሰን።

ባለፈው እሁድ ጉባኤ ላይ መምህራችን ማቴዎስ 4ን፣ ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ 40 ቀን 40 ሌሊት ጾሞ የተፈተነበትን ሲያስተምሩን ነበር፣ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት ጥቅሷን ስልኩ ላይ በቀይ አቅልሞ ወዲያው ቴሌግራም ላይ ሲለጥፋት አይቼ ደስ አለኝ። አልቆ በር ላይ ጫማችንን ስንፈልግ ግን አንዲት እናት ሳያዩ እግሩን ረገጡት፣ ያ ልጅ ነጠላውን እንዳጣፋ ምን እንዳላቸው ልጽፈው አልችልም። "ይቅር በለኝ ልጄ" ብለው ጎንበስ ሲሉ ስልኩ አሁንም እጁ ላይ ነው፣ ጥቅሷም ስክሪኑ ላይ ናት። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ልፈርድበት አይደለም፣ እኔም ደክሞኝ ቤት ስገባ ከአፌ የሚወጣውን አውቀዋለሁ።

"አንተን እንዳልበድል ቃልህን በልቤ ሰወርሁ" ይላል መዝሙር 118፥11። ሰወርሁ! እናቶቻችን ለክፉ ቀን የምትሆነዋን ብር መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ይይዟት የለ? እንደዛ ነው። ችግሩ ሲመጣ ፍለጋ አይሄዱም፣ ቋጠሮውን መፍታት ብቻ ነው።

ጌታንም እዩት። በተራበ ሰዓት ነው ፈታኙ የመጣው፣ በእጁ መጽሐፍ አልነበረም፣ ሦስቴ "ተብሎ ተጽፎአል" ሲል ግን ሦስቱም ከኦሪት ዘዳግም ናቸው፣ አንዱ ከምዕራፍ 8 ሁለቱ ከምዕራፍ 6። ሙሴ ይህን የተናገረው 40 ዓመት በምድረ በዳ ለተንከራተተው ሕዝብ ነው እኮ፣ እንጀራ ሲያጡ ላጉረመረሙት፣ ማሳህ በተባለው ቦታ "እግዚአብሔር በመካከላችን ነው ወይስ አይደለም" ብለው ለተፈታተኑት። እነሱ የወደቁበት ቦታ ላይ ጌታ ቆመልን። በስስት ሲመጣበት በትዕግሥት፣ በትዕቢት ሲመጣበት በትሕትና፣ በፍቅረ ንዋይ ሲመጣበት በጸሊአ ንዋይ፣ ገንዘብን በመጥላት ማለት ነው፣ ድል ነሳልን እያሉ አባቶች የሚያስተምሩን ለዚህ ነው።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር ደግሞ አለ፣ ሰይጣንም ጠቅሷል! መዝሙር 90ን፣ "መላእክቱን ስለ አንተ ያዛቸዋል" የሚለውን አነበነበና "እግርህ በድንጋይ እንዳትሰናከል" ላይ ሲደርስ አቆመ። ቀጣዩ ቁጥር ምን ይላል? "በተኩላና በእባብ ላይ ትጫማለህ፤ አንበሳውንና ዘንዶውን ትረግጣለህ።" የራሱ ፍርድ ያለባትን ዘለላት። እኛም የምንወዳትን ግማሽ ቆርጠን ፕሮፋይል ላይ ስንለጥፍ፣ የምትገሥጸንን ስናልፋት ከማን እንደተማርነው እናስብ ወገኖቼ።

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግን በጆሮዋ የያዘቻት አንዲት የዳዊት ቃል ነበረቻት፣ "አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር"። ጎረቤት በድንበር ነገር መጥታ ስትሰድባት ቡናዋን እየቆላች ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ልጅ ስለሆንኩ የምትመልስላት ቃል እያሰበች ይመስለኝ ነበር። ጎረቤቷ ስትጨርስ "በይ ቡና ጠጪ" ትላታለች። ቋጠሮው ተፈቶ ነበር ለካ!

መዝሙረ ዳዊቱ እኮ ለየቀኑ ተከፋፍሎልናል፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ይሄዳል። ሁሉን ካልቻላችሁ አንዲት ቁጥር ያዙ፣ ግን የምትፈተኑበትን የምትነካ ትሁን፣ ገንዘብ ለሚፈትነው ስለ ገንዘብ፣ ዓይኑ ለሚፈትነው ስለ ዓይን፣ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩባት። ታክሲ ውስጥ በሏት፣ ወጥ እያማሰላችሁ በሏት። አሁን ሰላም ነኝ ብላችሁ አትዘናጉ፣ ሉቃስ ዲያብሎስ ከጌታ የተለየው "እስከ ጊዜው" እንደሆነ ጽፎልናል።

እኔ በዚህ ጾም የአያቴን ይዣለሁ። አንተም ወንድሜ ይህን ካነበብከው እኚያ እናት ሁሌ በሴቶቹ በር በኩል ግድግዳውን ተደግፈው ነው የሚያስቀድሱት፣ እሁድ ታገኛቸዋለህ።