ሚኒማል ፔር ምንድን ነው?

ሁለት ቃላት በአንድ ድምፅ ብቻ ተለያይተው የተለያየ ትርጉም ከሰጡ የሥነ ልሳን ባለሙያዎች ሚኒማል ፔር ይሏቸዋል። ምሳሌው ከአፋችን አይጠፋም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል። «ገና» ላልቶ ሲነገር ጊዜው አልደረሰም፣ ጠብቆ ሲነገር በዓሉ። ሌላው ነገር ሁሉ አንድ ሆኖ ሳለ የአንዲት ተነባቢ መጥበቅ ብቻ ትርጉሙን ቀየረው። ፊደላችን ይህን አያሳይም፤ አንባቢ ከዐውዱ ይለየዋል።

የጥንዱ ጥቅም የትኛው የድምፅ ልዩነት ትርጉም እንደሚለውጥ፣ የትኛው የአነጋገር ወዝ ብቻ እንደሆነ ማሳየቱ ነው። የመንዝና የጎንደር ሰው አነጋገር ለጆሮ ይለያል፤ ለመግባባት ግን አያስቸግርም። የውጭ ቋንቋ የሚማር ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። የለንደን ወይም የአሜሪካ ሰው ለመምሰል ይደክማል፣ ትርጉም የሚያበላሸውን ድምፅ ግን እንዳለ ይተወዋል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያጠና ተማሪ አነባበቡን በፊደል ደብተሩ ላይ ይጽፋል እንበል። የመርከቡንም የበጉንም እንግሊዝኛ «ሺፕ» ብሎ ነው የሚያሰፍረው። በዚያች ቅጽበት ልዩነቱ ጠፋ። (የመንዝን በግ ለውጭ ገዢ ሊያስተዋውቅ የተነሳ ሰው መርከብ ሲሸጥ ቢገኝ አይፈረድበትም።) በፊደል መጻፉ እንደ ማስታወሻ ክፋት የለውም፤ አነባበብን ከዚያ ላይ መልሶ ማጥናት ግን ስህተቱን ማጽናት ነው።

የበጉ «ሺ» ከእኛ ሳልስ ብዙም አይርቅም፤ ከንፈር ወደ ጎን ይለጠጣል፣ ምላስ ከፊት በኩል ወደ ላንቃ ከፍ ይላል። የመርከቡ በሳልስና በሳድስ መካከል የሚወድቅ ነው፤ ምላስ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደ መሃል ይሸሻል፣ ከንፈርም ይላላል። «ሺ» ብሎ ጀምሮ ወደ «ሽ» እየተንሸራተቱ መሃል ላይ ቀጥ ማለት ጥሩ መነሻ ይሆናል። ብዙ ጊዜ «አንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር» ተብሎ ይታለፋል፤ ይህ ግን ግማሽ እውነት ነው። በእንግሊዝኛ አናባቢ ከፕ፣ ከትና ከክ በፊት ያጥራል፤ ከብ፣ ከድና ከግ በፊት ይረዝማል። በዚህ የተነሳ «ቢት» (መምታት) ውስጥ ያለው ረጅም የሚባለው አናባቢ «ቢድ» (የጨረታ ዋጋ) ውስጥ ካለው አጭር ከሚባለው ብዙም ላይረዝም ይችላል። ርዝመትን ብቻ የሚጠብቅ ጆሮ እዚህ ይታለላል። የሚያዋጣው የምላሱን ቦታ መያዝ ነው።

ሁለተኛው ችግር ፕ እና ብ ናቸው። ፕ አማርኛ ውስጥ የሚሰማው በውሰት ቃላት ነው፤ ፖሊስን «ቦሊስ»፣ ፖስታን «ቦስታ» የሚል ዛሬም አለ። በእንግሊዝኛ ግን «ፒን» ስፒል ነው፣ «ቢን» የቆሻሻ መጣያ። የእንግሊዝኛው ፕ ቃል ሲጀምር ትንፋሽ ያስከትላል። የሶፍት ቁራጭ ከከንፈር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቆ ይዞ «ፒን» ማለት ነው፤ ወረቀቱ ይርገበገባል። «ቢን» ሲባል ዝም ይላል። «ስፒን» ሲባልም እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ከስ ቀጥሎ የሚመጣው ፕ ያን ትንፋሽ ያጣልና። ድምፁን ለማጠንከር ሲሉ ወደ ጰ የሚሄዱ አሉ። ጰ ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዳ ድምፅ ስለሆነ ትንፋሹን ጭራሽ ያጠፋዋል።

የእንግሊዝኛውን this «ዚስ» እያሉ መናገር ያን ያህል አያስጨንቅ፤ በዚህ የተነሳ የሚምታታ ቃል ጥቂት ነው። ይልቅ ከአማርኛ ተሸክመን የምንሄደው ማጥበቅ ይታሰብበት። በእንግሊዝኛ «ሃፒ» ሁለት ፒ ቢጻፍበትም አይጠብቅም። ደርቦ መጻፉ እዚያ የተነባቢ ርዝመት ምልክት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፤ ልምምዱ የሚጀምረው ከጆሮ ነው። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ6 እስከ 8 ወር ያሉ እንግሊዝኛ የሚሰሙ ሕፃናት የሂንዲን ድምፆች ሲለዩ፣ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ግን ችሎታው በእጅጉ ቀንሶ ተገኝቷል። ደግነቱ መንገዱ ጨርሶ አይዘጋም። በ1991 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝኛን አርና ኤል የማይለዩ ጃፓናውያን በተለያዩ ተናጋሪዎች የተቀዱ ጥንዶችን እየሰሙ፣ መልሳቸውም ወዲያው እየታረመ ሲሠለጥኑ መለየቱ ተሻሻለላቸው። በኋላ የተሠራ ጥናት ደግሞ በመስማት ብቻ የሠለጠኑት አነጋገራቸውም እንደተሻሻለ አሳይቷል።

ቤት ውስጥ እንዲህ ይሠራል። አንድ ጥንድ ብቻ ይመረጥ። ድምፅ ካላቸው የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት የሁለቱን ቃላት ቅጂ ማግኘት ይቻላል፤ የብሪታንያም የአሜሪካም፣ የወንድም የሴትም ቢሆን ይመረጣል። ጓደኛ ሳንቲም እየወረወረ ዘውድ ሲመጣ አንዱን፣ ጎፈር ሲመጣ ሌላውን 20 ጊዜ ያሰማል። ሰሚው 1 ወይም 2 ብሎ ይጽፋል፤ ትክክለኛው ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ ይነገረዋል። በግምት ብቻ 10 ያህል ይገኛልና 12 ያገኘ ሰው ሰምቷል ለማለት ያስቸግራል። 15 እና ከዚያ በላይ በግምት የሚገኘው ከ100 ሙከራ 2 ጊዜ ያህል ነው። ጓደኛው ቅጂውን ትቶ በራሱ አፍ ካነበበ ግን ልምምዱ ከንቱ ነው፤ እሱም ሁለቱን «ሺፕ» የሚል ከሆነ የሚለይ ነገር የለም።

15ን ደጋግሞ ማለፍ ሲቻል ወደ አፍ ይኬዳል። እዚህ ላይ የስልክ የድምፅ መጻፊያ ይጠቅማል፤ ቋንቋውን እንግሊዝኛ አድርጎ አንዷን ቃል ብቻዋን መናገርና የሚጽፈውን ማየት ነው። በዓረፍተ ነገር ከተነገረ ስልኩ ከዐውዱ ገምቶ ያስተካክላል፣ ስህተቱም ይሸፈናል።

ሰሜን ሸዋ ላይ ይህ ለእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። የሰንበቴ እሑድ ገበያ የሚወርድ ነጋዴ አፋን ኦሮሞም ያስፈልገዋል። «ቢታ» ሲላላ ግራ ነው፣ ሲጠብቅ ግዢ። ይህን አማርኛ ተናጋሪ ሳይቸገር ይይዘዋል፤ ገናን ከገና ሲለይ ያደገ ጆሮ ነው። የአናባቢው ርዝመት ሲመጣ ግን ይንገዳገዳል። «ላፋ» አናባቢዎቹ ሲያጥሩ መሬት፣ ሲረዝሙ ለስላሳ ነው፤ አማርኛ በአናባቢ ርዝመት ትርጉም ስለማይለይ ጆሯችን ቸል ይለዋል። አጭሩን «ለፈ» ብሎ የሚሰማም አለ፤ መጥፎ መነሻ አይደለም። ቁቤ የረዘመውን አናባቢም የጠበቀውን ተነባቢም ደርቦ ስለሚጽፍ፣ ለዚህኛው ጥናት ደብተሩን በፊደል ሳይሆን በቁቤ መያዝ ይሻላል።