ኢንዶቶክሲን ምንድን ነው? ምርመራው «ዜሮ ወጣ» ሲባልስ?

«ናኖቅንጣቱ (በናኖሜትር የሚለካው ደቃቅ የመድኃኒት ቅንጣት) አውቶክሌቭ ተደርጓል (በግፊት እንፋሎት ተቀቅሏል)፣ በ0.22 ማይክሮን ፊልተርም አልፏል፤ ስለዚህ ከኢንዶቶክሲን ነፃ ነው።» ይቺን አባባል ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ በሙሉ ልብ ጽፏት አየሁ። ስንተኛው እንደሆነ እንጃ። ዝም ብዬ ባልፋት ደስ ባለኝ፤ ግን ብዙ የተለፋበት ሥራ ገደል የሚገባው በዚህች አስተሳሰብ ነው።

መሠረቱን ቶሎ እንለፈው። ኢንዶቶክሲን ማለት እንደ ኢ. ኮላይ ያሉ ግራም-ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች በውጭ ሽፋናቸው ላይ የሚሸከሙት ሊፖፖሊሳካራይድ (የቅባትና የስኳር ውህድ) ነው። በናኖግራም የሚለካ መጠን ደም ውስጥ ሲገባ እንኳ ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ ትኩሳት ያስነሳል። ሲበዛ የደም ግፊት ጥሎ ይገድላል።

አውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ባክቴሪያውን ይገድላል። ሊፖፖሊሳካራይዱ ግን እዚያው ነው፤ እንዲያውም ባክቴሪያው ሲፈራርስ ይበልጥ ይለቀቃል። ፊልተሩም ባክቴሪያውን ያስቀራል፣ ኢንዶቶክሲኑ ሾልኮ ያልፋል። የመስታወት ዕቃ ቢሆን በ250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ታቃጥለው ነበር። ከቅባት የሚሠራውን ናኖቅንጣት፣ ሊፖሶምን፣ እንዲህ ብታደርገው ምን ይተርፍሃል? ስቴራይል መሆን (ሕያው ጀርም አለመኖር) ሌላ፣ ከኢንዶቶክሲን ነፃ መሆን ሌላ።

ችግሩ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከውሃው ነው። ኬሚስቱ የወርቅ ናኖቅንጣት አሳምሮ ይሠራል፤ ቅርጹ፣ መጠኑ፣ ሁሉ ነገሩ ልክ ነው፣ ግን የተጠቀመበት የውሃ ማጣሪያ ካርትሪጅ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ቅንጣቱ የነጭ የደም ሴል ላይ ይጨመራል፣ ሴሎቹ ቲኤንኤፍና ኢንተርሊኪን-6 የተባሉ የብግነት መልእክተኞችን ያፈስሳሉ፣ «ናኖቅንጣቱ ብግነት ያስነሳል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ብግነቱን ያስነሳው ማን ነው? በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ፍሬድሪክ ውስጥ ያለው የብሔራዊ ካንሰር ኢንስቲትዩት የናኖቴክኖሎጂ ላቦራቶሪ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሌሎችን ናኖመድኃኒት እየተቀበለ ሲፈትሽ ቆይቷል። ከተላኩለት ናሙናዎች ሲሶ ያህሉ ኢንዶቶክሲን እየተገኘባቸው መቸገሩን በግልጽ ጽፏል።

እዚህ ላይ ሁለተኛው አስተያየት ሰጪ ይመጣል። «በኤልኤኤል ተመርምሮ ዜሮ ወጥቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» በእውነቱ እኔን የሚያበሳጨኝ ከመጀመሪያው ይልቅ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ግማሽ መንገድ መጥቶ ነው የቆመው። ኤልኤኤል ሊሙለስ ከተባለ ሰማያዊ ደም ያለው የባሕር እንስሳ የደም ሴሎች የሚዘጋጅ ሪኤጀንት፣ ማለትም መመርመሪያ ንጥረ ነገር ነው። ባንግና ሌቪን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢንዶቶክሲን ሲነካው እንደሚረጋ አሳዩ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ መስጠት ጀመረ፣ ዛሬ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ሁሉ በእሱ ወይም በመሰሎቹ ያልፋል። እጅግ ጎበዝ ምርመራ ነው። ግን የተለመደው እንደ ውሃ ጥርት ላለ መድኃኒት ነው።

ሪኤጀንቱን በርበሬ እንደሚቀምስ ሰው አስበው። ወጡን ቀምሶ «በርበሬ የለውም» አለህ። ጉንፋን ይዞት ምላሱ ደንዝዞ ቢሆንስ? ማወቂያው ቀላል ነው፤ ከዚያው ወጥ ጭልፋ ቀድተህ፣ ልኩን የምታውቀውን ቁንጥጫ በርበሬ ጨምረህ መልሰህ ታስቀምሰዋለህ። አሁንም «የለውም» ካለ የመጀመሪያው ቃሉ ዋጋ የለውም። እኛ ይህንን ስፓይክ እንለዋለን። ከጨመርከው ከ50 እስከ 200 በመቶው ተመልሶ መነበብ አለበት። ካነሰ ቅንጣቱ ምርመራውን አፍኖታል፣ ከበለጠ አጋኖታል።

ካልተሳካ ወጡን ታቀጥነዋለህ፤ ማለትም ናሙናውን ታሳሳዋለህ፣ የሚያደነዝዘው ነገር እንዲቀንስ። ግን ያለ ልክ ብታቀጥነው በርበሬውም አይታወቅም፣ ስለዚህ የማሳሳቱ ጣሪያ አስቀድሞ በስሌት ይወሰናል። ቀማሹን ትተህ በቀለም ልፍረድ ካልክ ደግሞ ቲማቲም የበዛበት ወጥም ቀይ ነው። ክሮሞጀኒክ የሚባለው ዘዴ በ405 ናኖሜትር ብርሃን ቢጫ ቀለም ያነባል፤ የብር ናኖቅንጣት ራሱ እዚያው አካባቢ ብርሃን ይውጣል። በድፍርስነት የሚለካው ዘዴም ድፍርስ ናሙና ቢሰጡት ያው ነው። ዝንጅብልም ያቃጥላል፦ ከሴሉሎስ ፊልተር የሚወጣ ቤታ-ግሉካን የተባለ የስኳር ሰንሰለት ኤልኤኤልን ያስነሳዋል፣ ኢንዶቶክሲን ሳይኖር «አለ» ይልሃል። ለዚህ የግሉካን ማገጃ ወይም ለግሉካን የማይነሳ፣ በላቦራቶሪ የሚመረት ሪኮምቢናንት ፋክተር ሲ የተባለ ሪኤጀንት አለ።

በርበሬው ቅባት ውስጥ ተሸፍኖ ምላስ ያልነካ እንደሆነስ? ይህ ነው ከሁሉም የሚከፋው። ስፓይኩ አሁን የተጨመረ፣ ነፃ ኢንዶቶክሲን ነው። ቅንጣቱ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ላዩ ላይ የተለጠፈው ግን፣ በተለይ ቅንጣቱ ፖዘቲቭ ቻርጅ ካለው፣ ለሪኤጀንቱ ላይታይ ይችላል። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ግን ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ስፓይኩ አምሮ ቢወጣም፣ የሰው ሞኖሳይት (የነጭ የደም ሴል ዓይነት) ላይ የሚሠራውን ምርመራ ደርቡበት እላለሁ። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ቅንጣቱ ሴሉን ከገደለው ዝምታውን ንጽሕና እንዳትለው። ሴሉ ከጮኸ፣ ማለትም የብግነት መልእክተኞቹን ካፈሰሰ ደግሞ ኢንዶቶክሲንን የሚይዘውን ፖሊሚክሲን ቢ ጨምረህ ጩኸቱ ይቀንስ እንደሆነ እይ።

ማንም ባይጠይቀኝም አንድ ነገር ልጨምር። «አይጦቹ ምንም አልሆኑም» ማስረጃ አይሆንም። አይጥ ኢንዶቶክሲንን ከሰው እጅግ በበለጠ ትቋቋማለች።

ደግሞስ «ዜሮ» የሚባል ውጤት ከየት መጣ? የሪኤጀንቱ አቅም በሚሊ ሊትር 0.03 ዩኒት (የኢንዶቶክሲን መለኪያ) ነው እንበል። ናሙናውን 100 ጊዜ ካሳሳኸው፣ ምንም ሳይነበብ ሲቀር ማለት የምትችለው «ከ3 ዩኒት በታች» ብቻ ነው። ዋናው ናሙና በሚሊ ሊትር 0.1 ሚሊግራም ቅንጣት ከያዘ፣ ይህ በአንድ ሚሊግራም እስከ 30 ዩኒት ሊሆን ይችላል። በመርፌ ለሚሰጥ መድኃኒት የተለመደው ጣሪያ በሰዓት ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 5 ዩኒት ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው 300። እንግዲህ ከዚህ ቅንጣት 10 ሚሊግራም ብትወጋው ጣሪያው ጋ ልትደርስ ትችላለህ፣ በ«ዜሮ» ውጤት። የማሳሳቱ መጠን፣ የስፓይኩ በመቶኛና በሚሊግራም የተሰላው ቁጥር ያልተጻፈበትን ሪፖርት ስለዚህ ነው የምመልሰው።